የመካኒኩ ግራ ጆሮ

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩን «ጆሮ» ነው የሚሉት። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ይተክልና እጀታውን ከግራ ጆሮው ኋላ ካለው አጥንት አስደግፎ ያዳምጣል። «ቫልቩ ነው» ካለ ቫልቩ ነው፤ ክርክር የለም።

ምን ያደርጋል! ያው የግራ ጆሮ ከዳው። መጀመሪያ ይጮኽበት ጀመር፤ ቀጥሎ ይደፈንበታል፤ ከዚያ ሳያስበው ሰማይ ምድሩ ይዞርበትና ግድግዳ ያስይዘዋል። ጨው ቀነሰ፣ ኪኒን ዋጠ፤ ወይ ፍንክች!

«ጆሮዎ ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ማዞሩን ያስቆምልዎታል» አለችው የጆሮ ሐኪሟ። «ግን የቀረዎትን መስማት ሊወስደው ይችላል።»

«እንጀራዬን የምበላበት ጆሮ እኮ ነው፣ ዶክተር!» ብሎ ጥሏት ወጣ።

ለሚስቱም ለልጁም ትንፍሽ አላለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን ከበሽታው ይልቅ «ጆሮ ደነቆረ» መባልን ፈራ። ማታ ማታ ሰዓቱን ወደ ግራ ጆሮው እያስጠጋ፣ ዛሬም ይሰማኛል እያለ ራሱን ያጽናናል።

ልጁ እዚያው ጋራዥ አብራው ትሠራለች። አንድ ጠዋት ከፊት ቆማ «ና፣ ና፣ አባዬ» እያለች እሱ የሚነዳውን መኪና ስታስገባ፣ ራሱ ዞረበት። ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን ረገጠው። መኪናው ተስፈንጥሮ የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር ጨፈለቀው። እሷ ቆማ የነበረችው እዚያው ፊት ለፊት ነበር።

«ልጄን!» ብሎ ጮኸ።

እግዜር አተረፋት፤ ዘላለች። ክንዷ ብቻ ተላጠ። ያን ጊዜ ሆዱ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ዘረገፈላት።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄዶ «ይውጉኝ» አላት። መርፌው በጆሮው ታምቡር አልፎ ገባ። እያደር ማዞሩ ተወው፤ የግራ ጆሮውም ጭጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ ካቻቢቴውን በዓይኑም አላይ አለ። ሞተር ሲመጣለት ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ኋላ አንድ የቆየ ደንበኛ «ጆሮ ካላዳመጠው ወይ ፍንክች!» ብሎ ድርቅ አለ፤ ልጁም ኮፈኑን ከፈተችለት።

ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን እጁ ወደ ለመደው፣ ወደዚያው ወደ ግራ አጥንት ወሰደው። አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ ተናገረ! በጭንቅላቱ አጥንት ተሻግሮ በደህናው በቀኝ ጆሮው ጥርት ብሎ መጣ።

«አባዬ፣ ምን ይላል?» አለችው ልጁ በግራው ቆማ። ዝም አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ ዝም። እንባዋ መጣ። በስተቀኝ ዞራ ትከሻውን ነካችው።

«ቫልቩ ነው» አላት። «አንቺም ከዛሬ ጀምሮ በቀኜ ቁሚ።»