የረምላ አሥራ ሁለተኛው ገዳይ

ሆሳዕና ገበያ ዳር ልብስ የምትሰፋው ረምላ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ንጹሐን ሰዎችን በነፍስ ግድያ ከስሳለች። ሁሉም የመርማሪ ልቦለድ ሰዎች ስለሆኑ በስም ማጥፋት የጠየቃት የለም። መጽሐፉ ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ "ገዳዩ እገሌ ነው" ትላለች፤ ለመማል ትንሽ ነው የሚቀራት። መጨረሻው ሲመጣ ገዳዩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አንዴ አትክልተኛው ነው ብላ ድርቅ አለች፤ አትክልተኛው በሚቀጥለው ምዕራፍ ራሱ ተገደለባት።

ብቻዋን ብታነብ ኖሮ ነውሯን ራሷ ብቻ ታውቀው ነበር። ችግሩ ሦስት ሆነው ማንበባቸው ነው። አንደኛው ባዮሎጂ የሚያስተምረው ጴጥሮስ ነው፤ ሌላው ሆሳዕናና ዱራሜ መካከል ሚኒባስ የሚነዳው ተገኘ። ድሮ አንድ መጽሐፍ ሲገኝ ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ጴጥሮስ አንዱን መጽሐፍ ሙሉ ሴሚስተር ይዞ ከተቀመጠባቸው ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። አሁን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በምላጭ ሦስት ቦታ ይቆርጡታል። ረምላ እያንዳንዱን ቁራጭ በመኪናዋ ትሰፋና በትርፍ ገበር ትለብጠዋለች። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀባበላሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ያነበበ አይናገርም።

በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ክፍል ተገኘ ጋ ዱራሜ ነበር። ረምላ ሁለተኛውን ረቡዕ ጠዋት ጨረሰች፤ ጴጥሮስ ገና አንደኛው ላይ ነው። ሟቹ ሀብታም ነጋዴ ሲሆን አልጋው ላይ ወተት ጠጥቶ እንደተኛ ሞቶ ተገኝቷል። ረምላ ሱሪ መተኮሷን ትታ ለጴጥሮስ ደወለች። እሱ ከኋላዋ ሆኖ ሳለ ግምቷን መስማቱ አይከፋውም፤ "አንቺ ስትጠረጥሪ ቢያንስ አንድ ንጹህ ሰው ይታወቅልኛል" ይላታል።

"ወንድሙ ነው የገደለው፤ በወተት መርዝ አጠጥቶ" አለችው ቆጣ ብላ። "ለውርስ ብሎ ነው። ይሄ ሰው ካልሆነ ከእንግዲህ መገመት አቁሜያለሁ፤ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ ነው የማነበው። ለማንም እንዳትናገር። ቅዳሜ ተገኘ ከዱራሜ ሲመጣ ሁሉም ይወጣል።"

ይህን ስትል የምሯን ነበር። ሳይገምቱ ማንበብ ለእሷ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ጊዜ መሳሳትን ክብሯ አይችለውም።

ያላወቀችው ነገር፣ በሯ ላይ አቶ ላምቤቦ ቆመዋል። አቶ ላምቤቦ ከሌሞ ገጠር በጋሪ የመጡት ሱሪ ሊያሳጥሩ ነው። ደግሞም አርባ ዓመት ሙሉ ደም ያደረቁ፣ ገዳይና የሟች ቤተሰብ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ወንድም ወንድሙን መግደሉን በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። ሱሪውን ሳያስለኩ በመጡበት ጋሪ ተመለሱ።

በነጋታው ረምላ ሱቋን ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አቶ ላምቤቦ ከመሃል። ወንበር አቀረበች፤ አልተቀመጡም። ሻይ ልዘዝ አለች፤ አልፈለጉም። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከቆመ ጉዳይ ይዞ መጥቷል ማለት ነው፤ የጠየቀውን ሳያገኝ ደግሞ ውሃም አይቀምስም። መጀመሪያ ለጋብቻ የተላኩ መስሏት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች።

"ልጄ" አሉ አቶ ላምቤቦ፣ "ደም ፈሶ ዝም አይባልም። የወንድም ደም ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ገዳዩን እንደምታውቂው ሰምተናል። የሟች ወገን ጦር ሳያነሳ በፊት ስሙን ንገሪንና ነገሩን እንያዘው።"

"የቱ ደም ነው አባባ?"

"ወተት የጠጣው።"

ረምላ ሳቋን ለመዋጥ መቀሷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ በገበር የተለበጠውን ክፍል አውጥታ አሳየቻቸው። "መጽሐፍ እኮ ነው አባባ።"

"እዚህ ላይ ተጽፏል?"

"አዎ።"

"ከተጻፈማ ተረጋገጠ" አሉ ዞር ብለው ለጓደኞቻቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚህ በኋላ ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሟቹ አልነበረም፤ ወንድሙም አልነበረም፤ ከተማዋ እንኳን ከአንድ ሰው ጭንቅላት የወጣች ናት። አቶ ላምቤቦ በትዕግሥት ሰሟት።

"እሺ፣ አንድም ሰው አልሞተም" አሉ በመጨረሻ። "ታዲያ አንቺ ትናንት ለምን እንደዚያ ተቆጣሽ?"

ረምላ አሥራ አንድ መጽሐፍ አንብባ ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

"ያለ ምክንያት አይደለም" አሉ ሽማግሌው። ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። "በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልን። ሻዩም ይምጣ።"

ያን ቀን አንድም ልብስ አልተሰፋም። ረምላ እየተነሳች እየተቀመጠች ተረከች፤ የመርማሪውን ድምፅ አወፈረች፣ የሠራተኛዋን ጩኸት ጮኸች። ሠራተኛዋ ሬሳውን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አገኘችው፤ ሦስት ተኩል ላይ ድንኳን ተተክሎ ግቢው በለቀስተኛ ተሞላ፤ ወንድምየው አላለቀሰም፤ የሟቹ ወዳጅ ዶክተር ግን ራሱን ስቶ ወደቀ።

"ቆይ" አሉ አቶ ላምቤቦ። "ድንኳኑ በስንት ሰዓት ቆመ አልሽ?"

"ሦስት ተኩል።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው ሳቀ። "በግማሽ ሰዓት?" አሉ አቶ ላምቤቦ። "ልጄ፣ እኔ የእድር ሰብሳቢ ነበርኩ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ተፈልጎ እስኪመጣ ብቻ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ ቋሚው ይጎድላል። ከዚያ ደግሞ በየት በኩል እንትከል ብለው ይጣላሉ። ሰውዬው መሞቱ ሳይታወቅ ድንኳን ያዘዘ ሰው አለ። ማን አዘዘ?"

ረምላ ገጾቹን አገላበጠች። አንዲት ግማሽ መስመር ነበረች፤ እሷ ዘላት ሄዳለች፤ ተገኘም ያያት አይመስላትም። "ዶክተሩ" አለች ቀስ ብላ።

"እሱ ነው።"

"ወንድሙ ነው አባባ። ውርሱስ?"

"ድንኳኑስ?"

ተከራከሩ። ረምላ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ ያን ያህልም ፈርታ አታውቅም። ሽማግሌው ትክክል ከሆኑ አሥራ ሁለተኛውን ተሸነፈች ማለት ነው፤ ያውም በሕይወታቸው አንድ ልቦለድ ባላነበቡ ሰው። ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ።

ቅዳሜ ተገኘ ሚኒባሱን አቁሞ ሦስተኛውን ክፍል በብብቱ ይዞ ሲገባ ሦስት ሽማግሌ፣ ጴጥሮስና አንድ ቴርሞስ ሻይ ጠበቁት። ጴጥሮስ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ከረምላ የወሰደውን ሁለተኛ ክፍል ዓርብ ዕለት ተማሪ እየፈተነ ጨርሶታል፤ ማን ከማን እንደቀዳ ዛሬም አያውቅም። ተገኘ ገዳዩን ስለሚያውቅ ከንፈሩን ነክሶ ጥግ ተቀመጠ። ረምላ ጉሮሮዋን አጸዳችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አቶ ላምቤቦ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ከመጨረሻው አሥር ገጽ ሲቀር መርማሪው ለቀስተኛውን ሁሉ ሳሎን ሰበሰበ። ወንድምየውን ተጠጋ። የረምላ ድምፅ ከፍ አለ። መርማሪው ወንድምየውን አልፎት ሄደና ዶክተሩ ፊት ቆመ።

ረምላ አነበበችው፤ ድጋሚም አነበበችው፤ ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "አሥራ ሁለት" አለች። ማንም አልሳቀባትም፤ ተገኘ እንኳን። በልቧ ግን አፈረች፤ ከማፈሯ በላይ አዘነች። ከዛሬ ወዲያ ዝም ብሎ ገጽ መግለጥ ብቻ ሊሆን ነው።

"ጨርሺው" አሉ አቶ ላምቤቦ።

ጨረሰችው። ዶክተሩ በካቴና ታስሮ ወጣ፤ መርማሪው ባርኔጣውን ደፋ፤ ዝናቡ አባራ፤ መጽሐፉ አለቀ።

"ሌላ ገጽ የለውም?"

"የለውም አባባ።"

"የሟች ልጆችስ? ከዶክተሩ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት አይደል የሚማሩት? ነገ ቢገዳደሉስ?" ሽማግሌው አሁን ከምር ተቆጥተዋል። "ይሄ ደራሲ ሰው ገድሎ ሳያስታርቅ ነው የሄደው። መምህር፣ ብዕር አለህ?"

ጴጥሮስ ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አቀራርበው በሀዲይኛ ረጅም ሰዓት ተንሾካሾኩ። ተገኘን ተሳፋሪ እየጠበቀው ነበር፤ ግን አልተነሳም። በመጨረሻ አቶ ላምቤቦ ቆመው በአማርኛ ፍርዱን አጻፉ። የዶክተሩ ወገን ከብት ነድቶ ይምጣ፤ የሁለቱ ቤት ልጆች ከአንድ ዕቃ ይብሉ፤ ደሙ ይድረቅ።

ጴጥሮስ አራት ነጥብ ሊያደርግ ሲል በዱላቸው አስቆሙት።

"አላለቀም። ወንድምየው ይነሳ።"

"እሱ እኮ ነጻ ወጥቷል" አለ ተገኘ። "ደራሲው ነጻ አውጥቶታል።"

"ደራሲው ድንኳን ተክሎ አያውቅም። የወንድሙ ሬሳ በተገኘ በግማሽ ሰዓት ድንኳን ቆሞ አይቶ 'ማን ነገራችሁ?' ብሎ ያልጠየቀ ሰው ንጹህ ነው? ወይ ያውቃል፣ ወይ ማወቅ አልፈለገም። እሱም አንድ ጊደር ያምጣ።" ከዚያ ወደ ረምላ ዞሩ። "ስለዚህ ልጅቷ ግማሹን አግኝታለች።"

ረምላ ከወንበሯ ተነሳች፣ ምን እንደምታደርግ ሲጠፋት መልሳ ተቀመጠች።

"ግማሽ ነው ያሉት አባባ?"

"ግማሽ።"

"ጴጥሮስ" አለች፣ "እንግዲያው አሥራ ሁለት አልሞላም። ግማሽ የሚለውን በፊደል ጻፍልኝ፤ በቁጥር እንዳይሆን።"