ለአንድ ጨዋታ የመጡ ሽማግሌዎች

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ወደ እስከዳር ጌጡ ቤት መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ መሪያቸው ከዘራ ይዘዋል። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት ስለሌለው አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ቁና ቁና እየተነፈሱ ነበር።

የእነ እስከዳር ጎረቤት እማማ ድንቅነሽ ልብስ ሲያሰጡ አይተዋቸው ኖሮ፣ ማንንም ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት። እስከዳር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን ቀን እማማ ድንቅነሽ ከእሷ በላይ ሲጠብቁት ኖረዋል።

በሩን የከፈቱት አባቷ አቶ ጌጡ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። እንግዶቹን እንዳዩ ወደ ውስጥ ተመልሰው ኮት ደረቡና በወጉ ቆሙ።

"ለጉዳይ ነው የመጣነው" አሉ መሪው።

"እሺ፣ አረፍ በሉ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"እንግዲያው ይናገሩ።"

"ልጃችን ጨዋታ ነው። የመጣነው ጨዋታ ከሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ነው። ቤታችን ከታች ነው፤ ሰው ጣቱ ዝሎ ፍለጋውን ከሚተውበትም በታች። ልጅዎ ስትፈልግ ከርማ እኛ ሰፈር ሳትደርስ ትመለሳለች። ስለዚህ እኛው እንሂድ ብለን ነው።"

አቶ ጌጡ ትንሽ አሰቡ። "ለእስከዳር አይደለም ማለት ነው?"

"ለኮምፒውተሩ ነው።"

"ገባኝ" አሉ። ኮታቸውን ግን አላወለቁም፤ የማንም ይሁን፣ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው።

ነገሩ ለእስከዳር ቀልድ አልነበረም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኢንሹራንስ ቢሮ ተጎልታ ትውላለች። እሑድ ከምሳ በኋላ ግን ከአባቷ ጋር ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ የልባቸውን የሚያወሩት በዚያ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም "በግራ! ዝለይ! አንቺ ልጅ፣ አላልኩሽም?" እየተባለ። የሚጫወቱት የደሴት ጨዋታ ግን አለቀ። መሬቱ ሁሉ ታረሰ፣ ድልድዩ ሁሉ ተሠራ፣ ንጉሡ መጥቶ አመሰገናቸውና መብራቱን አጥፍቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አቶ ጌጡ እሑድ ምሳቸውን በልተው ይተኛሉ። መጀመሪያ ለሻይ ይነሱ ነበር፤ ቆይቶ ለራት ሆነ፤ አሁን አሁን ለራትም ሁለቴ ሦስቴ መቀስቀስ ይፈልጋሉ። ቤቱ ጭር ሲል እስከዳር ትፈራለች።

መደብሩን ደግሞ ማን ይዘልቀዋል? ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ነው፤ ሲገቡበት ዳር የለውም። በዋጋ ለየችው፣ በኮከብ ለየችው፣ "ለሁለት ሰው" ብላ ለየችው፤ ለውጥ የለም። ኮከብ የሚሰጡት ሰዎች "ምርጥ ነው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልተማሩ ይመስላሉ። እሷ ያገኘችውን ሁሉ አባቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው አንዴ ያዩና "ይሄን አይተነዋል" ይላሉ።

"አላየነውም አባዬ፤ ሌላ ነው።"

"ሰውየው ያው ነው። ጠመንጃውም ያው ነው።"

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እውነታቸውንም ነበር።

እና አሁን ሽማግሌዎቹ ከፊታቸው ቆመዋል። አቶ ጌጡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥያቄ ጀመሩ። "ሥራው ምንድን ነው?"

"ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ከተማ ውስጥ ይሄዳሉ።"

"ወዴት ነው የሚወስዱት?"

"እሱን ለእኛም አልነገረንም።"

"ጠባዩስ?"

"ጨዋ ነው። ማስታወቂያ አያውቅም፤ እየመላለሰ ብር አምጡ አይልም። መብራት ሲጠፋ የደረሰበትን አይረሳም።"

"ከዚህ በፊት ትዳር ይዞ ነበር?"

መሪው ወደ መሬት አዩ። "አንድ ሰው ወስዶት ነበር። ከፍቶ እንኳ ሳያየው መለሰው።"

እስከዳር ከወጥ ቤቱ በር ሆና ትሰማ ነበር። "አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለሙከራ የሚሆን ቁራጭ አለው እኮ። ትንሽ ብንሞክረውስ?"

"ሽማግሌ እግሩ ሳይወጣ? ነውር ነው!" አሉ አቶ ጌጡ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ "ቤተሰብ ሳይመክርበት መልስ አይሰጥም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ። እስከዚያ ዘሩን ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ" አሏቸው።

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። እስከዳር ግን ተናደደች። አባቷን ታውቃቸዋለች። አንድ ጊዜ ለእሷም ሽማግሌ ተልኮ አቶ ጌጡ ቀጠሮ ሲያራዝሙ፣ ሲያጣሩ፣ እንደገና ሲያራዝሙ ሰውየው ሌላ አግብቶ ወለደ። ያኔ አልቆጫትም፤ ሰውየው አፉን ከፍቶ ነበር የሚያኝከው። ይሄኛው ከቀረባት ግን ይቆጫታል። ሳህኖቹን እያንኳኳች አጠበች፤ አባቷም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

በሳምንቱ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። እነዚህ ሱፍ የለበሱ፣ ሽቶ የተርከፈከፉ፣ በሹፌር የመጡ ናቸው፤ የላካቸው መደብሩ መግቢያ ላይ ተለጥፎ የሚውለው ትልቁ ጨዋታ ነው። አቶ ጌጡ የዚያን ቀን ምሳ በልተው አልተኙም፤ ኮታቸውን ለብሰው ሲጠብቁ ነበር። ዘሩን ቁጠሩ አሏቸው።

"ልጃችን አምስተኛው ነው" አሉ ባለ ሱፉ በኩራት። "አባቱ አራተኛው፣ አያቱ ሦስተኛው..."

"ሦስተኛው እኛ ቤት ነበር።"

"አዎ፣ እኛም ሰምተናል።"

"እንግዲያው ዘመዳሞች ናችሁ፤ አይሆንም" ብለው በር ድረስ ሸኟቸው። እስከዳር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥ ቤት ገባች። ተናዳ የሰነበተችው ልጅ አባቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስማቸው ከጀለች።

ባለ ጋቢዎቹ በቀጠሯቸው ከተፍ አሉ። ታክሲ ጠፍቶ ትንሽ በእግር ስለመጡ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። አሁንም አልተቀመጡም።

"አባት የለውም" ብለው ጀመሩ መሪው። "እናቱ ብቻዋን ናት የሠራችው፤ አንዲት ልጅ ናት፣ ቤቷ ተቀምጣ። ከእሷ ወዲያ ያለውን ግን እንቆጥራለን። በጨዋታ ወገኑ ልጃችን የሸክም ልጅ ነው። ሸክም የእቃ እቃ ልጅ ነው፤ እቃ እቃ የድብብቆሽ፣ ድብብቆሽ የሌባና ፖሊስ፣ ሌባና ፖሊስ የሰኞ ማክሰኞ፣ ሰኞ ማክሰኞ የብይ፣ ብይ የገበጣ።"

አቶ ጌጡ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "የደሴቱ ጨዋታ የእርሻ ልጅ ነበር። እርሻም ወደ ላይ ሲቆጠር ገበጣ ላይ ይደርሳል።"

እስከዳር በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። አንዱ ቤት ቢጎድል አለቀላት። መሪው ሽማግሌም በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሌሎቹም ቆጠሩ። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነበር።

"ልጃችን ራሱ አንድ ነው" አሉ በመጨረሻ መሪው። "ገበጣ ስምንተኛ ላይ ነው።"

አቶ ጌጡ እንደገና ቆጠሩት። "ስምንተኛ ነው" አሉ። "ይሁን። ሰጥተናል፤ ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንደኛው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ምርቃቱም ወረደ። ሲወጡ እማማ ድንቅነሽ ደግመው እልል አሉ፤ ሙሽራው ማን እንደሆነ ሲነገራቸውም "ምን ቸገረኝ፣ ጋብቻ ጋብቻ ነው" ብለው ቀጠሉበት።

ጨዋታው የተባለውን ያህል ነበር፤ እንዲያውም በለጠ። እስከዳር ወንበሩን ከፊት ይዛ የኋሊት ትሄዳለች፣ አባቷ ከኋላ ይይዛሉ። ጠባብ መንደር ውስጥ ማዞር፣ በገበያ መሃል ማሳለፍ፣ በዝናብ ጭቃ ላይ እንዳይንሸራተቱ መጠንቀቅ ነው። አንዴ የወንበሩ እግር የአህያ ጋሪ ውስጥ ተሰክቶ አህያዋ ሁለቱንም እየጎተተች ወንዝ አሻገረቻቸው። አቶ ጌጡ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ከፍ አድርጊው አላልኩሽም?" "አንተ ነህ ዝቅ ያደረግከው!" እየተባባሉ አመሹ። አቶ ጌጡ የእሑድ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሱ። እስከዳር ደስታዋን ለማን እንደምትነግረው ቸግሯት ለመሪው ሽማግሌ ልትደውል ፈለገች፤ የስልክ ቁጥራቸውን ግን አልተቀበለችም ነበር።

አንድ እሑድ የጨዋታው ከተማ አለቀና ከአንድ ኮንዶሚኒየም ፊት ደረሱ። ሊፍት የለውም። በየማዞሪያው ወንበሩን እያቆሙ፣ እየተጋጩ፣ እየተሳሳቁ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ስክሪኑ ላይ የወንበሩ ጫፍ በር ነካ፤ ኳ ኳ አለ።

የሚንኳኳው ግን ከኋላቸው፣ የራሳቸው ቤት በር ነበር።

"ማን ነው?" አሉ አቶ ጌጡ።

"እኔ እንጃ። ክፈት።"

"እንዴት ልክፈት? ከለቀቅኩት አንቺ ላይ ይወድቃል።"

"እኔም ሁለቱም እጄ ተይዟል።"

እውነት ነው፤ አንዳቸውም መልቀቅ አይችሉም ነበር። በሩም ስላልተቆለፈ በግፊያው ተከፈተ። መጀመሪያ አንዲት ሴት የኋሊት እየተራመደች ገባች፤ ልክ አሁን እስከዳር የለበሰችውን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፣ ፀጉሯም እንደ እስከዳር በቢጫ ጨርቅ ታስሯል። ከእሷ ቀጥሎ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ገባ፤ መጨረሻው ገና ደረጃው ላይ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ የአቶ ጌጡ ድምፅ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው፣ "ቀስ በይ፣ ከኋላሽ ሶፋ አለ!" አለ።

ሶፋው ላይ ያሉት አቶ ጌጡ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ እንዲያልፉ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉላቸው።