የሲስተር የሺአረግ መጽሐፍ

ቤዛና ኛኮንግ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድሩን ካሸነፉ ቤዛ ጋምቤላ ትቀራለች፤ ከተሸነፉ ጅማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ትማራለች። እንዲህ ብለው የፈረዱት የቤዛ እናት፣ ነርሷ ሲስተር የሺአረግ ናቸው። «ከኛኮንግ ጋር ባሮ ወንዝ ዳር ስትንቦጫረቂ ነው የምትውይው! መቼ አጥንተሽ ታውቂያለሽ?»

ኛኮንግ ቤዛ የሌለችበት ዴስክ ላይ መቀመጥ አልታያትም። ስለዚህ ባሮን ተወችው። ሲስተር ከሻንጣቸው ሥር ያወጡላቸውን፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰውን መጽሐፍ ማንጎ ጥላ ሥር እየተቀባበሉ ሸመደዱት። አልአዝሃር ዩኒቨርሲቲ የት እንደሚገኝ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቼ እንደተመሠረተ፣ ምኑ ቅጡ! ኛኮንግ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ 1943!» ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እስከ መጨረሻው ጥያቄ ከተፎካካሪዎቻቸው ከእነኮት ጋር አንገት ለአንገት ሄዱ። ጠያቂው መምህር ፓል ላባቸውን ጠርገው፣ «ጋምቤላ በየትኛው ክልል ትገኛለች?» አሉ።

ቤዛ ደወሉን ቀድማ መታች። ኛኮንግ አፏን ልትይዝላት እጇን ሰነዘረች፤ ዘገየች።

«ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር!»

ክፍለ ሀገር ቀርቶ በቁጥር የሚጠሩ ክልሎች ከመጡ ዓመታት አልፈዋል፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮት «ክልል አሥራ ሁለት!» ብሎ ነጥቡን ወሰደና፣ «ቤዝዬ፣ ስንት ዓመት ተኛሽ?» አላት።

ውጭ ሲወጡ ቤዛ፣ «ታውቂው ነበር?» አለች።

«እንኳን እኔ፣ ፍየሎቹም ያውቁታል» አለች ኛኮንግ። ወዲያው የቤዛ እንባ ዱብ ዱብ ሲል አየችና ምላሷን ነከሰች። መጽሐፉን ከቤዛ ነጥቃ፣ እሷንም በእጇ እየጎተተች፣ ቀጥታ ሲስተር ቤት።

«ሲስተር፣ ይኼ የማን ነው?»

«የኔ። ምነው?»

«ጋምቤላ ኢሉባቦር ናት ይላል። ልጅዎ ያጠናችውን መለሰች። እንግዲህ የተሸነፉት እርስዎ ነዎት፤ ጅማ መሄድ ካለ እርስዎ ይሂዱ!»

«ኛኮንግ!» አለች ቤዛ ክው ብላ።

ሲስተር ገጹን ገልጠው መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «እኔ እዚህ ለሥራ ስመደብ እኮ ኢሉባቦር ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ጋምቤላ የት እንደሆነች የፈለግኩት በዚሁ መጽሐፍ ነው። ቤዛ ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ እያነበብኩ አለቅሳለሁ፣ ምን ዓይነት አገር ይሆን ብዬ።» የልጃቸውን እንባ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለካ አጥንተሻል። በይ፣ የትም አትሄጂም።»

ከዚያ ወደ ኛኮንግ ዞሩ። «አንቺ ምላሰኛ፣ ተቀመጪ። ክልሎቹን አስጠኚኝ፤ ከአንድ ጀምሪ።»

ኛኮንግ ቤዛን አጠገቧ ሸጎጠቻት።

«ከአሥራ ሁለት ነው የምጀምረው» አለች።