የአሥራ አንድ ዶላር ሽፋን

ሮንዳ ቲግ በየዓመቱ ግብሯን የምታሠራው እኔ ጋ ነው። ዘንድሮም የበር ፋብሪካውን የሥራ ልብስ እንደለበሰች መጣችና ወረቀቶቿን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ቬርን፣ ቶሎ በል እንጂ! ከግብሩ የሚመለስልኝን ለኮዲ ነው የምልከው።»

ኮዲ ልጇ ነው። እሷው አስቀጥራው እዚያው ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ መጨረሻ የገባ ነው ተብሎ ተቀነሰ። አሁን ቴክሳስ ውስጥ መኪናው ውስጥ ያድራል፤ መኪናውም ካምቢዮው ተበላሽቶ ቆሟል። መኪና ከሌለ እዚያ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ሮንዳ ለጡረታዋ በራሷ ስም ባንክ ያስቀመጠችው ግብር ከሚከፈልበት ገቢዋ ይቀነስላታል፣ ግብሩ ያንሳል፣ የሚመለሰው ለካምቢዮው ይሆናል። አምና እንደዚያው አድርጌላት ነበር።

የደመወዝ ወረቀቷን ሳየው ግን «የጡረታ ዕቅድ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ያን ሳጥን ስጠላው!

«ፋብሪካው የጡረታ ሽፋን አላት ይላል» አልኳት። «ሽፋን ካለሽና ገቢሽ እንዲህ ከፍ ካለ፣ ባንክ ያስቀመጥሽው አይቀነስልሽም፤ የሚመለስልሽም ነገር የለም።»

«ሽፋን? እኔ? በምን ሸፈኑኝ፣ በብርድ ልብስ? እነሱ ጋ አምስት ሳንቲም አስገብቼ አላውቅም!»

«ገቢሽንስ ምን ሰቀለው?»

«የኮዲን ፈረቃ ማን የሸፈነ መሰለህ? ዓመቱን ሙሉ ደርቤ ነው የሠራሁት።»

የስልኬን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ፋብሪካው ደወልኩ። ደመወዝ ክፍል ያለችው ሴት ስህተት የለም አለች። በሮንዳ ስም አሥራ አንድ ዶላር ገብቷል፤ ትንሽም ብትሆን ሽፋን ናት።

«ማን ነው ያስገባልኝ?» አለች ሮንዳ።

«ሦስት ዓመት ሳይሞላው የወጣ ሰው፣ ድርጅቱ ለጡረታው ያዋጣለትን ትቶ ነው የሚሄደው። እሱ ለቀራችሁት ይከፋፈላል። ባለፈው ዓመት እንደዚያ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሴትየዋ ስሙን አልጠራችም። ሮንዳ ወንበሩ ላይ ኩምትር አለች።

ባንክ ያለውን አውጪው እንዳልላት ለአምስት ዓመት ቆልፋዋለች። ወረቀቶቹን አገላብጬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፤ ምንም መውጫ የለም። ስንት ባለጠጋ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቀዳዳ አግኝቶ ሾልኳል።

«እሺ፣ አሥራ አንዷን ዶላር ልላክለት» አለች። «የሱ ናት።»

«እዚያ እየሠራሽ አይሰጡሽም፣ ሮንዳ።»

ሳቀች፤ ምነው ባልሳቀች። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ጠራ። ኮዲ ነው። ሁለታችንም አየነው። ሮንዳ የሥራ ጓንቷን ከኪሷ አወጣችና ሸፈነችው።