የባቡሩ መሐላ

ሚስባህ ስለ ባቡር አልጋ ያለው እውቀት ተኝተውበት ካደሩት ሰዎች ሳይበልጥ አይቀርም። ባቡር ግን ተሳፍሮ አያውቅም። ኧረ በዓይኑም አላየው! የሚያውቀውን ሁሉ የሰማው አንድ ስብሰባ ላይ፣ ከአንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ነው፤ እሱኑ ይኸው ስንት ዘመን ሲያመነዥከው ኖረ።

«ማታ ራታችሁን በልታችሁ ትሳፈራላችሁ» ብሎ ነበር ሰውዬው። «አልጋ አለው፣ አንሶላ አለው። ጋደም ትላላችሁ። ሱብሒን አዲስ አበባ ደርሳችሁ ትሰግዳላችሁ። ዋጋውም ደሃ የሚችለው ነው።»

የሀብሩ ገበሬ ይህን ሲሰማ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ምን ያድርግ? የሚያውቀው አውቶቡስን ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጉልበቱን ከፊት ወንበር ጋር አጣብቆ፣ የጎረቤቱን ራስ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ቀኑን ሙሉ ተንጦ፣ ሲመሽ አዲስ አበባ እንደ ጆንያ መራገፍን ያውቃል። እንግዲህ ለዚህ ሰው አንሶላ ያለው መንገድ አለ ስትለው፣ መሬትህን ስጥ ከማለትህ በፊት ነው ልቡን የሚሰጥህ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የባቡሩ መስመር ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲወርድ የሚያልፈው በእነሱ ቀበሌ ማሳ ላይ ነው። ሚስባህ ያን ጊዜ ሰው የሚሰማው ሽማግሌ ነበር፤ አንደበቱም የሚጣፍጥ። ሰዉን አግባባ፣ መረቀ፣ ሁሉም እሺ አለ። እምቢ ያለችው አሲያ ብቻ ናት። አሲያ አብራው ያደገች፣ ከብት አብራው የጠበቀች ጎረቤቱ ናት፤ ባሏ ሞቶ ልጆቿን ያሳደገችው በማንጎዋ ነው። መስመሩ ደግሞ የሚያርፈው በማንጎዎቹ መሀል ለመሀል ነበር።

«ለእንቅልፍ ብዬ ማንጎዬን አልነቅልም» አለች፣ ብድግ ብላ። «እንቅልፉንስ ቤቴም እተኛለሁ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስባህን ግን ያቺ ሳቅ አቃጠለችው። ሽማግሌ ሆኖ በሰው ፊት ሲሳቅበት የሚወድ ማን አለ? ተነሳና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ወላሂ! ይህ ባቡር ሳይመጣ አዲስ አበባን አልረግጣትም! አውቶቡስም አልሳፈርም፣ ወላሂ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሽማግሌ በአላህ ስም በአደባባይ ሲምል፣ ከዚያ ወዲያ የሚከራከር ሰው እሱን ሳይሆን መሐላውን ነው የሚከራከረው። አሲያም ይህን ታውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ከዚያም ፈረመች። ማንጎዎቹ ሲነቀሉ ቆማ አየች።

አፈሩ ተደለደለ። ድልድዩ ቆመ። ከዚያ ሥራውም ቆመ። ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ። ባቡሩ ግን ወይ ፍንክች! ድልድዩ ላይ አሁን ፍየሎች ይተኛሉ፤ በባቡር መንገድ ተኝተው የሚያድሩ እንግዲህ እነሱ ብቻ ናቸው። የአሲያም ካሳ እንደ ካሳ ሆኖ አለቀ። እሷ ዛሬ የሰው ማንጎ በሳፋ ተቀብላ መርሳ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ትሸጣለች። ሚስባህ ለገበያ መርሳ ሲወጣ መናኸሪያውን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ለምን ቢሉት «አቧራው ያስለኛል» ይላል። አቧራ!

ልጁ ናጅዋ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በየዒዱ በአውቶቡስ እየተንገላታች ትመጣለች፤ እሱ አንድም ቀን ሄዶ ቤቷን አላየም። እግሯ አብጦ ስትገባ ያያትና «በባቡር ቢሆን ተኝተሽ ትደርሺ ነበር» ይላታል። እሷም ደግ ልጅ ናትና «ልክ ነህ አባዬ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ደግነቱ አለቀ። ዓሪፍ የሚባል ጨዋ ልጅ ጠየቃት፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ሚስባህም ፈቀደ። ኒካሑ እዚህ እንዳይሆን የዓሪፍ እናት ከአልጋ የማትነሳ በሽተኛ ናት፤ የልጄን ኒካሕ ሳላይ አልሙት ብላለች። ስለዚህ እሑድ ቀን አዲስ አበባ፣ በሴትዮዋ አልጋ ጎን ይታሰር ተባለ።

«ወሊዬ፣ የምትድረኝ አንተ ነህ» አለች ናጅዋ በስልክ። «በእጅህ እንድትሰጠኝ ነው የምፈልገው።»

«አጎትሽን እወክላለሁ፤ እሱ እንደኔ ነው።»

«አጎቴን እወደዋለሁ። ግን የሚወከለው አባቷ መምጣት ላልቻለላት ነው፤ የኔ አባት ጤነኛ ነው። ካልመጣህ ኒካሑ ይቅር።» ስልኩን ዘጋችው። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚስቱ ዙልፋ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ዙልፋ ባሏን አንቱ ትላለች፤ አንቱታው ግን ምላሷን አያለዝበውም።

«አንቱ አልጋ ሲጠብቁ ልጅቱ ታርጅልዎ?»

«ምዬ እኮ ነው፣ ዙልፋ!»

«ሲምሉ ማን አስገደደዎ? ሴትዮ አሳቀችብኝ ብለው ነው የማሉት! አሁንስ ማን እየሳቀ ነው?»

ሚስባህ ኩታውን ለብሶ ወደ መስጊዱ ሼህ ኡበይደላ ሄደ።

ሼሁ ነገሩን ሰሙ። «ሚስባህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ሳትጠይቅ የኖርከው መውጫ የሌለው መስሎህ ነው? ወይስ መውጣት አልፈለግህም?» አሉት። «መሐላ በር አለው። ከፋራውን፣ የመሐላውን ማካካሻ አውጣ። አሥር ሚስኪን አብላ፤ ቤተሰብህን ከምታበላው ዓይነት። ከዚያ በሰላም ሂድ።»

«ሦስት ቀን ብጾምስ?»

«እሱ ላጣ ነው። አንተ ደጅህ ላይ ፍየል እየጮኸ ትጾማለህ? ደግሞስ ጾመህ ከፍየሉ በቀር ምን ልታድን ነው?»

ሚስባህ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዓርብ ማብላት፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መሳፈር አለበት። ፍየል ማረድ ምን ችግር አለው? ችግሩ ሚስኪን ማግኘት ሆነ። የወሎ ሰው ሲርበው ታያለህ እንጂ ራበኝ ሲል አትሰማውም። ጣራው የሚያፈስ ሽማግሌ ቤት ሄዶ «ለከፋራ ነው፣ ይምጡልኝ» ቢላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ምን አጣሁና! ለተቸገረ ስጥ» ብለው ሸኙት። ሌላዋ «ማን ነው ሚስኪን ናት ያለህ?» ብላ ልትጣላው ቃጣት። እግሩ እስኪነቃ ዞረ። ከሼሁ ዘንድ ኪታብ የሚቀሩ ከሩቅ አገር የመጡ ደረሶች፣ ከመስጊዱ ደጅ ሁለት ዓይነ ስውሮች፣ ከጦርነቱ ተፈናቅለው የቀሩ ባልና ሚስት እያለ ለመነ፣ አስማማ። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ሰዉ በሚስባህ ጓሮ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀመጠ። ሼሁ በዓይናቸው ቆጠሩ። ዘጠኝ።

«አንድ ይጎድላል» አሉ።

«ዘጠኝ አይበቃም?»

«አላህ አሥር ብሏል፤ እኔ ዋጋ የምከራከር ነጋዴ ነኝ?»

በዚህ መሀል የአውቶቡስ ሾፌሩ ሞላ ከተፍ አለ። ሞላ የወልድያ ልጅ ነው፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል፣ ናጅዋንም በየዒዱ የሚያመላልሳት እሱ ነው። ባዶውን ወደ ወልድያ ሲመለስ፣ ነገ የፊተኛውን ወንበር እንደያዘለት ሊነግረው ጎራ ማለቱ ነበር።

«አያ ሚስባህ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

ነገሩት። ሞላ ሳቀ። «እኔን አይቆጥሩኝም? ሥጋችሁን አልበላም እንጂ ድህነቱስ አይጎድለኝም!»

«አንተ ባለ አውቶቡስ!» አለች ዙልፋ።

«አውቶቡሱ የሰው ነው እቴ፤ የኔ መሪው ብቻ ነው። በሉ ነገ መርሳ ላይ አስራ አንድ ተኩል። እኔ ብጠብቅም ተሳፋሪው አይጠብቅም» ብሎ ሄደ።

ወጡ እየቀዘቀዘ ነው። ደረሶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንስተዋል። ሚስባህ ቀበሌውን በሐሳቡ ቤት ለቤት ዞረ። አንድ ቤት አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሐሳቡ ራሱ ዞሮ ያልፋል፣ እንደ መርሳ መናኸሪያ። እዚያስ አልሄድም፣ ብሞት አልሄድም አለ በልቡ። ኒካሑም ይቅር፣ ልጄም ትቀየመኝ አለ። ይህን እያለ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ።

አሲያ ናት። ከመርሳ መመለሷ ነው፤ ባዶ ሳፋዋን ታቅፋለች። ሳፋውን ግድግዳው ሥር አስደገፈች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ሄዳ ዘፍ አለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ሚስኪን ትፈልጋለህ አሉ፤ መጣሁ።»

ሁሉም ሰላምታዋን መለሰላት። አሲያ እንኳን የከፋራ እህል፣ የሰደቃ ዳቦም ከሰው እጅ ተቀብላ አታውቅም። ባሏ የሞተ ጊዜ ጎረቤት ያመጣላትን እህል እንኳ «ላበደራችሁኝ» ብላ ኋላ በእጥፍ የመለሰች ሴት ናት።

«አንቺማ ሚስኪን አይደለሽም፣ አሲያ» አላት ሚስባህ።

«ነኝ። ማንጎዬ ከተነቀለ ጀምሮ ነኝ። ሰው ስትፈልግ ቤቴን ዘለልከው እንጂ።»

ሚስባህ ወደ ሼሁ ዞረ፤ አይሆንም እንዲሉለት ነበር። ሼህ ኡበይደላ መሬት መሬት እያዩ «ሚስኪን ማለት ለማኝ ማለት አይደለም። ለፍቶ የማይበቃው ሰው ነው» አሉ። «አሁን አሥር ሆነ።»

ሐፍረት ሰውን ከቁመቱ ያሳጥረዋል የሚባለው እውነት ነው። ሚስባህ ከደረሳው እጅ ማስታጠቢያውን ተቀበለና በርከክ ብሎ ራሱ አስታጠባት። እጇን አየው። የማንጎ ወተት ያጠቆረው፣ የሳፋ ጠርዝ ያደነደነው እጅ ነው። በልጅነታቸው ያ እጅ ከወንዝ ጎትቶ አውጥቶት ነበር። ውሃው በጣቶቿ መሀል ሲፈስ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ማንም እንዳያይበት ደግሞ ደጋግሞ አፈሰሰላት።

«በቃ እንጂ! እጄን ልታጥብ ነው ልታሟሟው?» አለች አሲያ።

በላች። ለይሉኝታ ቀመስ አድርጋ አልተወችም፤ ጠግባ በላች፣ ጭማሪ ጠየቀች፣ አጥንቱንም ጋጠች። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች፣ ሳፋዋን አንስታ ሄደች።  ዙልፋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ የባሏን ልብስ ልታጥፍ ገባች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሚስባህ መርሳ ላይ አውቶቡስ ገባ። የፊተኛው ወንበር ተይዞለታል። ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ወዲያው ከብረቱ ጋር ተዋወቀ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሊያስተኛ ቢገፋው፣ ከኋላው ያለው ሰው «አባት፣ እግሬን!» አለ።

«ይሄ አይተኛም እንዴ?» አለ ወደ ሞላ።

«ትንሽ ጋደል ይላል አያ ሚስባህ። እንደ አምላክ ፈቃድ ማታ ያደርሰናል» አለና ሞተሩን አስነሳ። «በሉ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት፤ መንገዱን ይመርቁልን።»

የወሎ አውቶቡስ ያለ ምርቃት አይነቃነቅም። ሚስባህ እጁን ዘረጋ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ። «በሰላም ያድርሰን፣ በሰላም ይመልሰን፣ የተውነውን ቤት በሰላም ይጠብቅልን» አለ። «አሚን» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ጠፋው። ያን ጊዜ ሰዉን መሬቱን ስጡ ብሎ የመረቀውም በዚሁ አንደበት እንደነበር ትዝ አለው።

መስኮቱ ተንኳኳ። አሲያ ሳፋዋን በራሷ ላይ እንደተሸከመች ቆማለች። መስታወቱን ገፍቶ ከፈተው። በፌስታል የተቋጠረ ማንጎ ወደ ጭኑ ወረወረችለት።

«ለናጅዋ ነው። አጎንብሳ ነው የምትበላው በላት፤ ቀሚስ ያበላሻል።»

«አሲያ» አለ ሚስባህ፣ ራሱን በመስኮቱ አውጥቶ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየሰማው ነው፤ አሁን ግን ግድ አልሰጠውም። «ዐውፍ በይኝ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

«ትናንት ምን የበላሁ መሰለህ?» አለችው።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሷም ሳፋዋን በአንድ እጇ ደግፋ ጥቂት አብራው ተራመደች፣ ገዢ እንዳያመልጣት ስትሮጥ እንደለመደችው።

«ሂድ፣ ልጅህን ዳር!» ብላ ጮኸች። «ባቡሩን እኔ እጠብቅልሃለሁ!»

ፍየሎቹ የሚተኙበት ድልድይ በቀኝ በኩል መጣና አለፈ። ሚስባህ ማንጎውን ታቅፎ ውርጌሳን እስኪያልፉ አለቀሰ። ሞላ በመስታወቱ አየውና የከፈተውን የአምባሰል ዘፈን ዝቅ አደረገው።