ጋሮማ የመሰከረ ዕለት

ባሌ ጋሮማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማይክሮፎን ጨብጦ የቆመበትን እሁድ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እኔ ያደግሁት ወለጋ፣ አንገር ጉቲን፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ቤት ነው። እኛ ቤት ሰው መልካም ነገር ሲገጥመው አፉን ይይዛል፤ እጁ እስኪገባ ድረስ ለጎረቤትም አያወራም። እነ ጋሮማ ዘንድ ግን ጌታ አደረገልኝ የሚሉትን ይዞ ዝም ማለት ነውር ነው። ተነስተህ ትመሰክራለህ፣ ሕዝቡም እልል ይልልሃል።

ጋሮማ ዌብሳይት ሠሪ ነው። አለቃ የለውም፤ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ከጓደኛው ከኢፋ ጋር በተከራያት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ ለውጭ አገር ሰዎች ይሠራል። እኔ አንገር ጉቲን አማርኛ አስተምር ነበር። ልጃችን ኬኔ ጡት እንደተወች ወባ ደጋግሞ ስለጣላት ነቀምቴ አያቷ ዘንድ አስቀመጥናት። መንገዱ ሲፈቅድ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። የገዛ ልጄ በር ላይ ቆማ እንደ እንግዳ ታየኛለች፤ ስትለምደኝ ደግሞ መሄጃዬ ይደርሳል። ከዚያ ሕይወት የሚያወጣኝ የጋሮማ ሥራ ነበር። እሱ ቋሚ ነገር ካገኘ እኔ ለቅቄ እገባለሁ ተባብለናል።

ሥራው ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። መጀመሪያ አዲስ ዌብሳይት የሚያሠራ ጠፋ። ቀጥሎ ያለኝን አሳምርልኝ የሚለው ጠፋ። የቀረው የተበላሸውን መጠገን ሆነ። ጋሮማ "ኑሮ ሲከብዳቸው መጀመሪያ የሚተዉት እኛን ነው" ይል ነበር። በዚያ ላይ በየአገሩ ከኩባንያ የተባረረው ባለሙያ ሁሉ ፍሪላንሰር፣ ማለትም በግሉ ሠራተኛ ሆኖ ወጣና አንዲት ትንሽ ሥራ ኢንተርኔት ላይ ስትለጠፍ ሰው እንደ ጉድ ይረባረብባታል። ኢፋ ኮምፒውተሩን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ባጃጅ ገዛ።

በዚህ መሀል ሆላንድ ያለው ደንበኛው ደወለ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የድርጅታችንን ዌብሳይቶች በሙሉ ለሁለት ዓመት አንተ ትይዛለህ፣ ውሉን እልክልሃለሁ አለው። ውሉ ገና አልመጣም፤ እሁድ ግን መጣ። ጋሮማም ተነሳ።

"ሥራ ደረቀ በተባለበት ጊዜ ጌታ ለእኔ በር ከፈተልኝ" አለ በኦሮምኛ። "ሚስቴ ከእንግዲህ አትመላለስም። ቤቴ አንድ ላይ ይሆናል።"

"ገለንኒ ዋቃዮፍ!" እያለ ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ምስጋና ሰጠ፤ እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። አማቴ አዮ ድርቤ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ መልቀቂያዬን አስገባሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ሳልርቅ ደወልኩለት።

"አስገባሁ ጋሮሜ! ተገላገልኩ!"

"ነይ" አለኝ ቆይቶ። "ነይ በቃ።"

ደስታ ነው ዝም ያሰኘው ብዬ እቃዬን ጭኜ ነቀምቴ ገባሁ። ኬኔ መጀመሪያ ላይ ከአያቷ አልጋ አልወርድም አለች። አልተጋፋኋትም። አንድ ጠዋት ግን ማበጠሪያ ይዛ አያቷን አልፋ እኔ ጋ መጣችና "ሥሪኝ" ብላ ጉልበቴ መሀል ተቀመጠች። ሁለት ጉንጉን ሠራኋት፤ አንዱ ተንሻፈፈ፣ እሷ ግን ወደደችው። እንደዚያን ጠዋት ጠግቤ አላውቅም።

ጋሮማ ላፕቶፑን አንግቶ በየማለዳው ሥራ ይወጣል። አንድ ቀን ለኬኔ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ወደ ሱአድ ሱቅ ሄድኩ። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ባንኮኒው ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ቆሟል።

"አንተ ጋሮማ፣ ወንድሜ" ትለዋለች ሱአድ፣ "እኔ ቴሌግራሜ ይበቃኛል። ሰው ራሱ ከገበያ ጠፍቷል እኮ! በእግሩ ያልመጣ በኢንተርኔት ይመጣል?"

"ዌብሳይቱን በነፃ ልሥራልሽ" አላት። "አይተሽ ካልወደድሽው ይጥፋ። ሠራሁ ብዬ ለሌላ የማሳየው ይሆነኛል።"

"በነፃስ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ሻይ ላስመጣልህ።"

ሱአድ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም አዝናለታለች። የባሌ አንገት ወደ ትከሻው ሲገባ አየሁት። "ጋሮማ" አልኩ። ዞሮ ሲያየኝ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ላፕቶፑን ጠረቀመው።

መንገድ ላይ ጠየቅሁት።

"የሆላንዱ ሥራ መቼ ነው የቀረው?"

"ረቡዕ መልእክት ላኩልኝ። ገበያ ተቀዛቅዟል፣ ሁሉንም ነገር አቁመናል አሉ።"

"የቱ ረቡዕ?"

መሬት መሬቱን አየ። "መልቀቂያሽን ከማስገባትሽ በፊት ያለው።"

ስደውልለት ያውቅ ነበር። ያኔ እንኳ ቢነግረኝ ወደ ቢሮው ተመልሼ ወረቀቴን እንዲመልሱልኝ እለምናቸው ነበር።

"መስክሬያለሁ እኮ ንጋት!" አለ። "በሕዝብ ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም ሰጠኝ ብያለሁ። ተመልሼ አልሰጠኝም ልበል? እሱን ውሸታም ላድርገው? ሌላ ሥራ ከመጣ ያው ይካካሳል ብዬ... ማላን ጎዻ? ምን ላድርግ?"

"እና ለእግዚአብሔር ስም ስትጠነቀቅ እኔን ገደል ከተትከኝ! እሱ አንተ ዋቢ ካልሆንከው ይወድቃል?"

ልጠላው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ ምሳ ሳይበላ በየሱቁ ሲዞር ነው የሚውለው።

አንገር ጉቲን በእኔ ቦታ ሌላ አስተማሪ ገብቷል። ነቀምቴ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አዳረስኳቸው፤ ወላጅ ልጁን ከግል ወደ መንግሥት እያዛወረ ስለሆነ ያሉትንም እየቀነስን ነው አሉኝ። በመጨረሻ እሺ ያለኝ ደምቢ ዶሎ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከአንገር ጉቲን በሳምንት ይመጣል፤ ከደምቢ ዶሎ የሚመጣው ግን ትምህርት ሲዘጋ ነው። ጋሮማ የኢፋን ባጃጅ በፈረቃ ሊነዳ ተስማማ፤ የባጃጁ ገቢ ብቻውን ግን ቤት አያቆምም።

ኬኔን ልውሰዳት አልኩ። ማደሪያዬ ከሌሎች መምህራን ጋር የጋራ ነው፤ ቀን ቀን የሚይዛት ሰው የለኝም።

"ኢንተለ ኮ" አሉኝ አዮ ድርቤ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እኔ በሕይወት እያለሁ ለባዳ ትሰጫታለሽ?"

የኬኔን ልብስ ከሻንጣዬ መልሼ አወጣሁ።

ከመሄዴ በፊት በነበረው እሁድ ጋሮማ ሳልጠይቀው ተነሳ። ማይክሮፎኑን ተቀብሎ "ያ የመሰከርኩት ሥራ አልመጣም" አለ። "ተስፋ ብቻ ይዤ ነው የመሰከርኩት። ሲቀር ደግሞ ደበቅሁ። ሚስቴ በእኔ ምክንያት ሥራዋን አጣች።" ከኋላ አንዲት ሴት በልማድ እልል ልትል ጀምራ አቆመች። ጋሮማ ተመልሶ አጠገቤ ሲቀመጥ ፊቱ ቀሎት ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ ስለቀለለው ተናደድኩ። እጄን ሲይዘኝ ግን አልነጠቅሁትም።

መናኸሪያ ሸኙኝ። ኬኔ አላለቀሰችም። እኔ ስሄድ ማየት ድሮም ለምዳዋለች። አያቷ ጀርባ ላይ ታዝላ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሙዝ የምትሸጠውን ሴት ማየት ጀመረች። ጋሮማ በመስኮቱ "ይቅር በይኝ" አለኝ። "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት፤ እውነቴን ነው። ይቅር ማለቴ ግን አውቶቡሱን አላቆመውም።

ወደ ጊምቢ የምትሄድ አንዲት ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝና ታጫውተኝ ጀመር።

"ልጅ አለሽ?"

"አንድ ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ወይኔ! ታዲያ ከማን ጋር ትተሻት ነው የምትሄጂው?"

"ከእናቷ ጋር" አልኳት።

ሴትዮዋ ማኘኳን አቁማ አየችኝ። ከአያቷ ጋር ማለቴ ነበር፤ ግን አላረምኩትም።