አንድ ፋይል ብቻ

«እስቲ ሌላ ኬብል ሞክር፣» አለ ኦሞት።

«ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ እኮ!» ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱሌማን ሐርድ ዲስኳን ከአንዱ ኮምፒውተር ነቅሎ ሌላው ላይ ሰካት። መብራቷ በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ አላነበባትም። ከውስጧ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ኦሞት ወንበሩ ላይ ዝርግት አለ። የጋምቤላ ሙቀት ጀርባውን በላብ አጥቦታል። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ የቀረጸውን ሁሉ እዚህች ዲስክ ላይ ያጭቃል። ኮፒ አድርግ ሲሉት «ነገ» እያለ፣ ከባጃጅ ሲወርድ ከእጁ አምልጣ ወደቀችበት። ከዚያ ወዲህ ሠርጓን የቀረጸላትን ኛሉዋልን «ኤዲት ላይ ነው» እያለ ይዋሻታል። አባቷ ከማታር መጥተው ሠርጓ ላይ መረቋት፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ኦሞት ኑዌርኛ አይሰማም፤ ሽማግሌው ሲመርቁ ሠርገኛው እንዴት እንዳለቀሰ ግን አይረሳውም። ውሸቱ ራሱ አድክሞታል።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ፌበን ናት።

«ተገኘ?»

«እየሞከርን ነው።»

«መጀመሪያ የኛን አውጣ፣ እሺ? ልጃችን ዳዴ ስትል የተነሳችው ቪዲዮ ሌላ ቅጂ የለንም እኮ።»

«እሺ፣» ብሎ ዘጋው።

ሱሌማን ኬብሉን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው የዲስኳ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ! ግን ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄ ድምፅ ደግ አይደለም። ከጠፋች ላትመለስ ትችላለች። በል ቶሎ፣ አንድ ፋይል ምረጥ!»

«ሁለት ቢሆንስ?»

«አንድ አልኩህ!»

ኦሞት ማውሱን ወደ ልጁ ቪዲዮ ወሰደው። ጣቱ እምቢ አለው። ልጅቷ አሁን አድጋ ሰፈሩን በሩጫ ታምሳለች። ማውሱን መለሰና የኛሉዋልን አባት ምርቃት ኮፒ አደረገ።

ሱሌማን እጁ እስኪዝል ኬብሉን ተጭኖ ቆየ። ኮፒው እንዳለቀ ዲስኳ አንዴ ተንቋቋችና ጸጥ አለች። ነቀላት፣ መልሶ ሰካት፣ ተጫናት። ስክሪኑ ላይ የለችም።

«አይ ወንድሜ! ለባለቤትህ ምን ልትል ነው?»

«ልጄ ነገም ትሮጣለች። እንደገና እቀርጻታለሁ።»

ስልኩን አነሳ። መጀመሪያ የደወለው ለኛሉዋል ነው።

«ኛሉዋል፣ ኤዲት ላይ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሠርግሽ ጠፍቷል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የአባትሽ ምርቃት ግን ተርፏል። ሱሌማን ሱቅ ነኝ፣ ነይ ስሚያቸው።»